ነጻ እና በነጻ፤ ሊኑክስ በኮልፌ 18 ማዞሪያ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሰፈር ውስጥ በእግሩ የሚዘልቅ ሰው፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቶችና ከስልክ ጠጋኞች ደጃፍ ላይ «ዊንዶውስ እንጭናለን፤ ፎርማት እናደርጋለን፤ ቫይረስ እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ማየቱ አይቀርም። ማስታወቂያው አጭር ይሁን እንጂ ብዙ ነገር ይናገራል። አንደኛ ነገር፤ ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከቡፌውና ከቴሌቪዥኑ ጎን በየቤታችን መቀመጡን ያስረዳል። ሁለተኛም፤ በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገባው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ተሰብሮ፤ በሰፈሩ አነጋገር «ክራክ ተደርጎ»፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቅጂ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ማንም አያነሣውም።

ጉዳዩን ማንሣት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከመጽሐፍና ከሌላው የአእምሮ ሥራ ጋር አብሮ አስቀምጦ ጥበቃ ሰጥቶታል። እንግዲህ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ሕግ እንዲከበር ደብዳቤ የሚያረቅ ወጣት ባለሥልጣን፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ደብዳቤ የሚያስተካክለው በተሰበረ ቁልፍ በተከፈተ ፕሮግራም ነው ማለት ነው። ይህን ስንል ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። የፈቃዱ ዋጋ የተተመነው በውጭ ገንዘብ ነው፤ የእርሱ ደመወዝ የሚከፈለው ደግሞ በብር ነው። ሌላ መንገድ መኖሩን የነገሩት ሰዎች ግን ጥቂቶች ናቸው። ያ ሌላው መንገድ ሊኑክስ ይባላል።

ለማያውቀው አንባቢ ከሥሩ እንጀምር። ኦፐሬቲንግ ሲስተም፤ በአማርኛ ሥርዓተ ክወና የሚባለው፤ በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ትልቅ ግብር ቤት አጋፋሪ ነው። ማን እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚስተናገድ የሚወስነው እርሱ ነው። የምንጽፍበት፣ ሙዚቃ የምንሰማበት፣ ኢንተርኔት የምናይበት ፕሮግራም ሁሉ ዲስኩንም ማተሚያውንም የሚያገኘው በእርሱ በኩል ነው። አጋፋሪው ከየት እንደ መጣ ካልታወቀ፤ ግብር ቤቱ በሙሉ በማይታወቅ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ጊዜ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ የቀረው በልዩ ምዝገባ ወይም በክፍያ የሚሰጥ ጊዜያዊ ማራዘሚያ ነው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያና ከአዳዲሶቹ ወገን የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ሥራዎችም ባብዛኛው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ለልጆቹ ያስገባ የቤተሰብ አባት ማሽኑ የስንተኛው ትውልድ እንደ ሆነ የጠየቀ አይመስለንም። እንግዲህ ማሽኑ በደኅና እየሠራ ሳለ በወረቀት ላይ ሞተ። የመመረቂያ ጽሑፉን ለጀመረ ተማሪ «ኮምፒዩተርህ አርጅቷልና አዲስ ግዛ» ማለት፤ ጽሑፉን አቁም ከማለት ብዙም አይለይም።

በቤታችን ያለውም ኮምፒዩተር ከነዚሁ አንዱ ነው። 4 ጊጋ ባይት ራም ብቻ ያለው፤ ማራገቢያው እንደ ንብ ቀፎ የሚጮኽ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዛሬ የሚሠራው በሊኑክስ ሚንት ነው፤ ከገጽታዎቹም መካከል ቀለል ያለውን፤ ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የተባለውን መርጠንለታል። የሚንት አዘጋጆች 2 ጊጋ ባይት ራምና 20 ጊጋ ባይት የዲስክ ስፍራ ይበቃል፤ ራሙ 4 ጊጋ ባይት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላሉ። እኛም ቃላቸውን እውነት ሆኖ አግኝተነዋል። ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለማስላት፣ ትምህርት ለመከታተል አይቸግርም። ሰው በአንድ ጊዜ ሃያ የኢንተርኔት ገጽ የከፈተበት እንደ ሆነ ግን ያቃስታል፤ ሊኑክስ ያረጀውን ማሽን ያሠራዋል እንጂ መልሶ ወጣት አያደርገውም።

የዚህ ሥራ አመጣጥ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ሰው፤ ማንም የሚጠቀምበት፣ ማንም ውስጡን የሚመረምረው፣ ማንም አባዝቶ ለጎረቤቱ የሚሰጠው ሙሉ ሥርዓት እጽፋለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። አብዛኛው ክፍል ተጽፎ ሳለ እምብርቱ ሳይጠናቀቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1991 የ21 ዓመት ወጣት የነበረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ፤ ለራሱ መዝናኛ ያህል የጀመረውን እምብርት ለሌሎች አሳወቀ፤ በተከታዩም ዓመት በስቶልማን የፈቃድ ውል ሥር አደረገው። ሁለቱ ሲገናኙ የዛሬው ሊኑክስ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በዓለም በፍጥነታቸው ተመርጠው በመዝገብ የሚሰፍሩት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በታክሲ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጠው ተማሪ የያዘው አንድሮይድ ስልክም እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ስለዚህ «ሊኑክስ አስቸጋሪ ነው አሉ» የሚለው ሰው ራሱ በኪሱ ይዞት ይዞራል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚረዳን ነገር አለ። በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል ዋጋ የማይከፈልበትንም አርነት ያለውንም ስለሚገልጽ፤ ስቶልማንና ተከታዮቹ ልዩነቱን ሲያስረዱ ብዙ ዓመት ደክመዋል። በአማርኛ ግን «በነጻ» ስንል ያለ ገንዘብ፤ «ነጻ» ስንል የራሱ ጌታ የሆነ ማለታችን ነው፤ አንዲት «በ» ሁለቱን ትለያቸዋለች። የሰፈራችን ክራክ በነጻ ነው፤ ነጻ ግን አይደለም። ሊኑክስ ሁለቱንም ነው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት አንድ ጣሳ ጠላ ብትሰጠን ደግነት ነው። ጥንስሱን ጨምራ፣ አጠማመቁን አሳይታ፣ «ጌሾው ከበዛባችሁ ቀንሱ፤ ለጎረቤትም ስጡ» ብትለን ግን ሌላ ነገር ነው። የፕሮግራም ጥንስስ ሰው በእጁ የጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ሊኑክስ ይህን ጽሑፍ አይደብቅም። የሚያስገድደው አንድ ነገር ቢኖር፤ ጥንስሱን ለውጦ ለሌላ የሚያሳልፍ ሰው ያንኑ መብት እንዲያሳልፍ ነው።

ከሊኑክስ ቤተሰብ መካከል ለአፍሪካ የሚቀርበው ኡቡንቱ ነው። ማርክ ሻትልወርዝ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ባለጸጋ ያቋቋመው ድርጅት የመጀመሪያውን እትም እ.ኤ.አ. በ2004 አወጣ። ስሙ ከዙሉና ከኾሳ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን፤ ሰው ሰው የሚሆነው ከሌላው ጋር ባለው ኑሮ ነው የሚለውን አሳብ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ድረስም ድርጅቱ ዲስኩን ለጠየቀው ሁሉ ያለ ዋጋ በፖስታ ይልክ ነበር። ቀደም ባሉት እትሞች ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ የቃሉን ትርጉም የሚያስረዱበት አጭር ፊልም ተካቶ ነበር። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የተማሩት ደግሞ እዚሁ ኮልፌ፤ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው። ይህ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሳንጠቅሰው ብናልፍ የሰፈራችን ሰው ይቀየመናል። እኛ የመረጥነው ሊኑክስ ሚንትም የታነጸው በኡቡንቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 22ኛው እትሙ እስከ 2029 ድረስ ጥገና እንዲደረግለት ተወስኗል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሚንትን ከኢንተርኔት ለማውረድ ወደ 3 ጊጋ ባይት የሚጠጋ መጠን ይጠይቃል፤ ይህም ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ አንዱ ካወረደው ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል፤ ማባዛቱን ሕጉም ውሉም ይፈቅዳሉና። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተበላሽቶ ወይም ተለውጦ እንዳይሆን፤ አዘጋጆቹ በገጻቸው ላይ የሚያወጡት አንድ ረጅም የአሻራ ቁጥር አለ። የያዝነውን ፋይል ኮምፒዩተሩ አንብቦ የራሱን ቁጥር ያሰላል፤ ሁለቱ በአንዲት ምልክት እንኳ ቢለያዩ ፋይሉን መጣል ነው። ይህን ሥራ የሚንቁ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ አጋፋሪ ሲቀጠር ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነውና።

ፋይሉን በፍላሽ ላይ እንዲሁ መገልበጥ አይበቃም። ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በመሰለ ፕሮግራም አማካይነት መጻፍ አለበት፤ በፍላሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ በዚያን ጊዜ ይጠፋል። ባለ 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ይበቃል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ኤፍ 12ን፤ ወይም እንደ ማሽኑ ዓይነት ሌላ ቁልፍ፤ በመጫን ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ብዙ ሰው የማያምነው ነው። ሊኑክሱ በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጽፍ ከፍላሹ ላይ ሆኖ ይሠራል። ዋይፋዩ ይይዝ እንደ ሆነ፣ ድምፁ ይሰማ እንደ ሆነ፣ ማተሚያው ይታወቅ እንደ ሆነ ሁሉን ሞክሮ፤ ያልወደደ ሰው ፍላሹን ነቅሎ እንደ ቀድሞው መኖር ይችላል። የብሮድኮም ሥራ የሆነ የዋይፋይ ካርድ ያላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። ያንን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ይህን እንቆቅልሽ የሚፈታው ስልክን በኬብል አገናኝቶ ለጊዜው በስልኩ ኢንተርኔት መጠቀም ነው።

በመጫኑ ጊዜ ዲስኩን በሙሉ ማጥፋትና ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን ማስቀመጥ እንደ ሁለት ምርጫ ይቀርባሉ። የቤተሰቡን ፎቶግራፍና የተጀመረውን የመመረቂያ ጽሑፍ አስቀድሞ በሌላ ዲስክ ሳያኖሩ ከዚህ ምርጫ ፊት መቆም ከድፍረት በላይ ነው። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰውም መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሥራውን ባይጀምር ይሻለዋል።

ለፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው የሚረዳው አንድ መከራ አለ። ሰነዱን አሳትሞ ይመለሳል። ቤቱ ገብቶ ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ፎልደር የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች ተደርድረው ያገኛል፤ ከነዚያ አንዱን የነካ እንደ ሆነ የራሱም ኮምፒዩተር ተበከለ። ይህ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለ ሆነ በሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ የተሰወሩትም ፎልደሮች በግልጽ ይታያሉ። ከዚህ የተነሣ ፍላሻቸውን ለማጽዳት ወደ ቤታችን የሚመጡ ጎረቤቶች አፍርተናል። ነገር ግን ሊኑክስን በሽታ አይነካውም ማለት ልክ አይደለም። ከማይታወቅ ስፍራ የመጣውን ትእዛዝ የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ የሚያስፈጽም ሰው በማናቸውም ሥርዓት መጎዳቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። አስቀድሞ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ይሠራ የነበረው፤ እያንዳንዱ አዘጋጅ በራሱ ዘዴ የላቲኑን ፊደላት ስፍራ ለግዕዙ እያከራየ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅልቁ ይወጣል። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ የሚያነበው ያጣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ወጣት ባለሥልጣኖቻችን ሳያጋጥማቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት 3ኛ እትሙን ሲያወጣ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በኮልፌም በጃፓንም አንድ ቁጥር አላት።

ጃፓንን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስቶልማን ራሱ የጀመረው ኢማክስ የተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው 20ኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል መጻፍና ማሳየት ይችል ነበር፤ ዩኒኮድ ለፊደላችን ስፍራ ከመስጠቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ይህን ክፍል የጻፈው በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ተመራማሪ የነበረው ናኦቶ ታካሃሺ ነው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ክፍት ስለ ነበረ የማንንም ኩባንያ ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። በዚያው ኢማክስ ውስጥ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተሰበሰበበት ገጽ ይገኛል፤ የአማርኛውም «ሠላም» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። በእሳቱ ሰ መሆን ነበረበት ብሎ የሚቆጣ የቅኔ ተማሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለአዘጋጆቹ ቢጽፍላቸው የሚከለክለው የለም።

ለመጻፊያው ደግሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጁት የላቲን ፊደልን በመጠቀም ግዕዝን የመጻፍ ደንብ አለ። የስሙ ምሕጻር በላቲን ፊደል በራሱ ደንብ ቢጻፍ «ሰራ» የሚል ቃል ይወጣዋል። በሚንት ላይ አይባስ የተባለውን የመጻፊያ መሣሪያ ኤም 17 ኤን ከተባለው ተጨማሪ ጋር ጭኖ አማርኛን መምረጥ ነው። ከዚያም ኤስና ኢ ሲነኩ «ሰ»፣ ኤልና ኤ ሲነኩ «ላ»፣ ኤም ብቻዋን ስትነካ «ም» ይወጣል። ፓወር ግዕዝን የለመደ ጣት ሁለት ሦስት ቀን ይደናገራል፤ ከዚያ በኋላ ይገራል።

የፊደል ቅርጽም አይጠፋም፤ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ሁለቱም ነጻ ናቸው። የማይገኘው የማይክሮሶፍት ንብረት የሆነው ኒያላ ነው፤ ከዚህም አንድ ችግር ይመጣል። ከመሥሪያ ቤት በኒያላ ተጽፎ የመጣ ባለ 2 ገጽ ደብዳቤ በሊብረ ኦፊስ ሲከፈት፤ ፊደሉ አንድም ሳይጎድል መስመሩ ይሸጋሸግና «ከሰላምታ ጋር» ከነፊርማው ብቻውን 3ኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ደብዳቤውን ወደ አለቃ ከመላኩ በፊት ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጎ መመልከት ይህን እፍረት ያስቀራል። ሊብረ ኦፊስ ራሱ ምናሌውን በአማርኛ ማሳየት መቻሉንም ብዙ ሰው አያውቅም።

ለማን እንደማይሆን አለመናገር አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። በሀገራችን የሒሳብ ሠራተኛው እንጀራ ፒችትሪ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። በአውቶካድ ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስና በፎቶሾፕ የሚኖር የማስታወቂያ ባለሙያም እንደዚሁ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ እንጂ ዊንዶውስን አውጥቶ ቢጥል አንመክረውም። ለተማሪው ግን ነገሩ ቀላል ነው። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. ለመማር የሚጓጓ የስታቲስቲክስ ተማሪ አሠራሩ የሚመሳሰለውን ፒ.ኤስ.ፒ.ፒ. ያለ ዋጋ ያገኛል። ከዚያም አልፎ በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩትን አር የተባለ ቋንቋ ቢይዝ፤ በየትኛውም ዓለም ዩኒቨርሲቲ የሚታወቅ መሣሪያ ያዘ ማለት ነው።

ሚንትን በአማርኛ እንዲናገር ስናዘው ግማሹ ይታዘዛል። አንዱ ምናሌ አማርኛ፤ ቀጥሎ ያለው እንግሊዝኛ ይሆናል። የቀድሞው የአማርኛ ትርጕም ታላቅ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ በግዕዝ ፍሮንቲር ድርጅት አማካይነት የተሠራ ነው። ፕሮግራሞቹ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ታድሰዋል፤ ተርጓሚው ግን ጥቂት ነው። የሚገርመው፤ ይህ ሁሉ ሥራ በእያንዳንዱ ሊኑክስ ውስጥ ለማንም ግልጽ ሆኖ መቀመጡ ነው። ኮምፒዩተሩ ስለ ኢትዮጵያ አማርኛ የሚያውቀውን የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል በቤታችን ማሽን ላይ ከፍተን አንብበናል። ከላይ የድርጅቱና የዳንኤል ያዕቆብ ስም ሰፍሯል። ወረድ ሲሉ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ በሚገባ ተጽፈዋል። ወሮቹ ጋ ሲደርሱ ግን ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ፣ ማርች ይላል።

ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። በሴፕቴምበር ስፍራ «መስከረም» ብሎ መተካት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ውሸት ይሆናል፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን ገና ነሐሴ 26 ነውና። የሚያስፈልገው የስም ለውጥ ሳይሆን ስሌት ነው። ስሌቱም ቢሆን አለ። አይ.ሲ.ዩ. በተባለው ነጻ የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ዓመተ ምሕረትንም ዓመተ ዓለምንም ያሰላል። ይህ ስብስብ በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ፤ ኢንተርኔት በምናይበት ፕሮግራም ውስጥ፤ ሳይጠራ ተቀምጧል። በገጹ ጥግ ያለው ሰዓት ግን አይጠይቀውም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስንከፍተው 8 ሰዓት ነው እያለን፤ ቀኑንም በአውሮፓ ይቆጥራል። ሰዓቱንና ስሌቱን የሚያገናኘው ጽሑፍ ብዙ መቶ መስመር የሚፈጅ አይመስለንም፤ ከሚንት ጋር ግን እስካሁን ወደ ቤታችን አልመጣም።